በሳሊህ እግር የቀኑት እናት፦ የወይዘሮ ስንቅነሽ ገብረየስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ስንቅነሽ ገብረየስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረየስ እንግዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙላቷ ተሰማ፣ በቀድሞው ጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በጭልጋ አውራጃ፣ ከአይከል ከተማ አጠገብ ጥር 12 ቀን 1962 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ ቃና ዘገሊላ ስለነበረ አባታቸው ታቦት ሸኝተው ግብዣ ላይ እንደነበሩና የልጃቸውን መወለድ የሰሙት በማግስቱ እንደሆነ በቤተሰቡ ይነገራል። ወይዘሮ ስንቅነሽ ይህ ሲነሣ፣ “ከመወለዴ ጀምሮ ለእኔ የሚደርሰኝ ሌላው ወስዶ የተረፈው ነው” እያሉ ይስቁ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አይከል በሚገኘው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ንባባቸውም ጽሕፈታቸውም ጥሩ ነበር። ለታናሽ እኅታቸው ለወይንሸት አዲስ ደብተር ሲገዛላት ያላለቀውን የራሳቸውን ደብተር ውኃ ውስጥ ነክረው፣ አባታቸው ለእሳቸውም እንዲገዙ ያደርጉ እንደነበር ራሳቸው ያወሩት ነው። ወይንሸት አሁንም በአይከል አለች። ይህንን ብትሰማ ትስቃለች እንጂ አትቀየምም።

በ1983 ዓ.ም. የአካባቢው ሁኔታ ሲናወጥ በመተማ በኩል ገዳሪፍ ገቡ፤ ከዚያም ወደ ካርቱም መጥተው ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ከአገራቸው ልጆች ጋር ቤት ተከራዩ። በግንቦት ወር 1985 ዓ.ም. የከባድ መኪና መካኒክ ከነበሩት ከአቶ ሰብስቤ ወርቁ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው፣ በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸውን ቢኒያምን ወለዱ።

ከ1988 ዓ.ም. እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ በካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር በወይዘሮ ሉጥፊያ ቤት ሠርተዋል። ምግብ ከማብሰል ይልቅ የታወቁት በመተኮስ ነው። ርዝመቱ አራት ሜትር ከግማሽ የሚሆነውን የሱዳን ሴቶች ቶብ አንዲት መስመር ሳይጥሉበት ይተኩሱት ነበር። ካውያውን ሌላ ሰው እንዲነካባቸው አይወዱም። አንድ ጊዜ ወይዘሮ ሉጥፊያ የሌላዋን ሠራተኛ አተኳኮስ ቢያመሰግኑ፣ ያቺ ሠራተኛ የተኮሰችውን ሁሉ እንደገና ረጭተው ተኮሱት።

ሁለተኛ ልጃቸው ህሊና ሚያዝያ 6 ቀን 1998 ዓ.ም. ገና በሰባት ወሯ ተወለደች። ዓመት ሲሞላት አልተቀመጠችም። እግሮቿ ልክ እንደ መቀስ ይጠላለፉ ነበር፤ በጣቶቿ ጫፍ እንጂ በተረከዟ አትረግጥም፤ እጆቿም ሳታዝዛቸው ይጠማዘዙ ነበር። አእምሮዋና አንደበቷ ግን የተሟሉ ነበሩ። በሁለት ዓመቷ መናገር ጀምራ እስካሁን አላቆመችም። በዚያው ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አቶ ሰብስቤ በጉበት ሕመም አረፉ። ወይዘሮ ስንቅነሽም ሁለቱን ልጆች ብቻቸውን ማሳደግ ጀመሩ። ቢኒያም በካርቱም ባለው የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሮ ወደ ረክሻ፣ ማለት ባጃጅ፣ መንዳት ሥራ ገባ።

ህሊናን ጸበል አስጠመቁ፤ ወጌሻ አሳሹ። ሁለቱም አላዳኗትም። በ2002 ዓ.ም. ወይዘሮ ሉጥፊያ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች በየሳምንቱ ሐሙስ የሚታዩበት ሆስፒታል እንዳለ ነግረው አድራሻ ሰጧቸው። ወይዘሮ ስንቅነሽ ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ልጃቸውን አዝለው፣ ሁለት ሐፍላ አውቶቡስ ቀይረው ይሄዱ ጀመር። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አብዱልወሃብ ለህሊና የሰውነቷን ግትርነት የሚያላላ፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ኪኒን አዘዙላት። “ይህ ኪኒን በድንገት አይቋረጥም” ብለው በደንብ አስጠነቀቁ። ማሳሳቡንና ማለማመዱንም አሳዩአቸው።

ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ውስጥ ወይዘሮ ስንቅነሽ በበኩር ልጃቸው ስም “ኡም ቢኒያም”፣ የቢኒያም እናት፣ ይባሉ ነበር። ሆስፒታሉ ግን በካርዱ ላይ ባለው ስም “ኡም ህሊና” ብሎ ጠራቸው፤ ስሙ እየዋለ እያደረ ሰፈር ድረስ ተከትሏቸው መጣ። ቢኒያም ይህን አልወደደውም። እሱም የእናቱ ልጅ ነው።

በ2003 ዓ.ም. በሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ከወይዘሮ ሀጀራ ጋር ተዋወቁ። ወይዘሮ ሀጀራ የወሎ ባቲ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ገዳሪፍ ስላደጉ ዐረብኛቸው እንደ አገሬው ነው። ልጃቸው ሳሊህ ከህሊና በአንድ ዓመት ያንሳል። እሱም እግሮቹ የተገተሩ ነበሩ። ወይዘሮ ስንቅነሽ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ የልጁን እግሮች ማየት ጀመሩ።

“ልጅሽ ብቻውን ይቀመጣል?” ብለው ጠየቁ።

“ይቀመጣል፣ አልሐምዱሊላህ።”

“የእኔዋ አትቀመጥም።”

“ማሻአላህ በይ እንግዲህ፤ ልጄን በዓይንሽ እንዳትበዪብኝ” አሉ ወይዘሮ ሀጀራ።

ወይዘሮ ስንቅነሽ “ማሻአላህ” አሉ፤ ዓይናቸውን ግን አላነሡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልቀኑበት ነገር የለም። ሳሊህ የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ሲሰጠው፣ ያ መደገፊያ ለህሊና እንደማይሆን ተነግሯቸው እንኳ ሦስት ሐሙስ ሙሉ እሱን ሲጠይቁ ቆዩ። ሳሊህ ወንበር ይዞ የቆመ ዕለት፣ ወይዘሮ ስንቅነሽ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በሐፍላው ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው እንደሄዱ ህሊና ታስታውሳለች። በሌላ በኩል ሐኪም የተናገረውን የሚያስተረጉሙት በወይዘሮ ሀጀራ ነበር፤ ምሳቸውንም የሚካፈሉት ከእሳቸው ጋር ነበር። በጾም ቀን ወይዘሮ ሀጀራ የጾም ምግብ ለይተው ይዘው ይመጡላቸው ነበር። ያንንም ምግብ ቀምሰው፣ ከራሳቸው እጅ የተሻለ ጣፍጦ ሲያገኙት ሳያመሰግኑ ይጨርሱት ነበር።

ቀጥሎ ያለው በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ወይዘሮ ስንቅነሽ ናቸው። ቢኒያም እንዲጽፈው አሳስበው፣ “ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላል። የእኔን እንዳለ ጻፈው። እዚያ ቆመው ከሚሰሙት መሐል እንደ ህሊና ያለ ልጅ ያላት እናት አትጠፋም” ብለውታል።

በኅዳር ወር 2007 ዓ.ም. ዶክተር አብዱልወሃብ፣ ከውጭ አገር የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በጥር ወር ለሁለት ሳምንት እንደሚመጡ ተናገሩ። ለሳሊህ የታሰበለት የጀርባ ቀዶ ሕክምና ነበር። በወገቡ ላይ ከፍተው ወደ እግሮቹ የሚወርዱትን የነርቭ ሥሮች አንድ በአንድ እየለዩ፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ እየፈተኑ፣ ግትርነቱን የሚያመጡትን መርጠው ይቆርጣሉ። ብዙ ሰዓት የሚወስድ ከባድ ሥራ ነው። ለህሊና የታሰበላት ደግሞ የተረከዝ ጅማቷን ማስረዘምና ለስድስት ሳምንት በጄሶ ማሰር ነበር፤ ይህ አንድ ሰዓት ብቻ ይፈጃል።

ወይዘሮ ስንቅነሽ በዚያ ሐሙስ ወደ ቤት ሲገቡ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ “ለእሷ ልጅ ጀርባ፣ ለእኔ ልጅ ተረከዝ!” አሉ። በዚያ ሳምንት ሌላ ነገር አላወሩም። ትልቁ ሕክምና ለሳሊህ ተሰጥቶ ለህሊና የተረፈው እንደደረሳት አመኑ።

ከዚያ በፊት በነሐሴ 2006 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም ህሊናን በየቀኑ ያስቆርቧት ነበር። ቅዳሴው የሚያበቃው ከቀትር በኋላ ስለሆነ የጠዋት ኪኒኗን የምትውጠው ቆርባ ስትመለስ ነበር። በእነዚያ ቀናት እግሮቿ ልክ እንደ ሳሊህ እግሮች እንጨት ሆነው መዋላቸውን ወይዘሮ ስንቅነሽ ልብ ብለው አይተው ነበር። አሁን ያ ትዝ አላቸው። የውጭ ሐኪሞች ልጆቹን ለመጨረሻ ጊዜ አይተው የሚመርጡት ጥር 18 ቀን ሰኞ ነበር። “እንደ ሳሊህ ግትር ሆና ካዩአት፣ እንደ ሳሊህ ይሠሩላታል” ብለው አሰቡ። ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ ኪኒኑን ስኳር ጣሳ ውስጥ ደብቀው ከለከሏት።

ቢኒያም ኪኒኑ ጣሳው ውስጥ መሆኑን አይቶ ነበር። ዝም አለ። ያን ጊዜ እሱም በእኅቱ ይቀና ነበር፤ ለምን ዝም እንዳለ ኋላ ለእናቱ ነግሯቸው ይቅር ብለውታል።

እሑድ ቀን ህሊና ትኩሳት ያዛት። ሰኞ ጠዋት ሰውነቷ እንደ ደጋን ወደ ኋላ ተለጥጦ ነበር፤ ጥርሷ ተነክሶ መናገር አቃታት። ቢኒያም በረክሻው እስከ ዓባይ ድልድይ አደረሳቸው፤ ረክሻ ድልድዩን መሻገር ስለማይፈቀድለት ከዚያ ታክሲ ያዙ። ሐኪሞቹ ህሊናን ለምርጫ ሊያዩአት ቀርቶ ነፍሷን ለማትረፍ ተሯሯጡ። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች። የተረከዝ ቀዶ ሕክምናዋ ቀርቶ ተራዋ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ሳሊህ ግን ማክሰኞ ዕለት ቀዶ ሕክምናው ተደርጎለት በሰላም ወጣ።

ሐሙስ ቀን ዶክተር አብዱልወሃብ ወይዘሮ ስንቅነሽን ክፍላቸው አስጠሩ። ወይዘሮ ስንቅነሽ የገበያና የማድ ቤት ዐረብኛ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ በዚያ ቀን ግን ቃል ሁሉ ጠፋባቸው። ወይዘሮ ሀጀራ ከሳሊህ አልጋ አጠገብ ተጠርተው መጡ።

“ምን ሰጣችኋት? ወይስ ምን ከለከላችኋት?” አሉ ዶክተሩ።

ወይዘሮ ስንቅነሽ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው፣ “መድኃኒቷን ሦስት ቀን ከልክያታለሁ በይው” አሉ።

ወይዘሮ ሀጀራ ተረጎሙ።

“ለምን?”

“እንደ ሳሊህ ግትር ሆና እንድትታይ። ጀርባዋን እንዲሠሩላት።”

ወይዘሮ ሀጀራ ይህንንም ተረጎሙ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ።

“ይህን ማን መከራት?”

“ማንም አልመከረኝም። ቀንቼ ነው። በዚች በምታስተረጉምልኝ ሴት ቀንቼ ነው በይው።”

ወይዘሮ ሀጀራ ቶባቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ አንዲት ቃል ሳይቀንሱ፣ “በእኔ ቀንታ ነው” ብለው በዐረብኛ ነገሯቸው።

ዶክተር አብዱልወሃብ ብዙ ተቆጥተው ነበር፤ ይህን ሲሰሙ ግን ቁጣቸው በረደ። ወንበር ስበው ተቀመጡና በቀስታ አስረዱ። “ሳሊህ በግትርነቱ ሥር የራሱ ጉልበት አለው። ግትርነቱ ሲቀነስለት ያ ጉልበት ይወጣል። የህሊና ነገር ሌላ ነው። ግትርነትም አላት፣ ያለ ፈቃዷ የሚጠመዝዛት እንቅስቃሴም አላት። ጀርባዋን ብንሠራ መጠማዘዙ አይለቃትም። ደግሞም ይህች ልጅ ደገፍ አድርጋችሁ ስታቆሟት የምትቆመው በግትርነቷ ነው። እሱን ከወሰድንባት ትወድቃለች። ተረከዟን የመረጥንላት ለእሷ ልኳ እሱ ስለሆነ ነው።” ወይዘሮ ሀጀራ ሁሉንም ተረጎሙ። ወይዘሮ ስንቅነሽ ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ንግግር በቃላቸው ይዘውት ነበር።

ከክፍሉ እንደወጡ ወይዘሮ ሀጀራ ኮሪደሩ መሐል ቆሙ።

“አንቺ ጉደኛ! ልጅሽን ልትገድያት ነበር እኮ!”

“ነበር።”

“በምኔ ነው የቀናሽብኝ? ከእኔ ሌላ ሰው አጣሽ? ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ‘እማ’ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ያንቺዋ ቀኑን ሙሉ ስትለፈልፍ መስማት አቅቶኝ ስንት ሐሙስ ከዚያ አግዳሚ ላይ ተነሥቼ ሄጃለሁ! ሽንት ቤት የምሄድ ይመስልሽ ነበር?”

“ይመስለኝ ነበር” አሉ ወይዘሮ ስንቅነሽ።

ሁለቱም እዚያው ኮሪደር ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አንዲት ነርስ መጥታ መንገድ እንዲለቁ ነገረቻቸው።

ሐኪሞቹ በዓመቱ ተመልሰው ሲመጡ ህሊናን ለማየት አንድ ግዴታ ተሰጠ። ከእናቷ ሌላ አንድ ትልቅ ሰው ኪኒኗን በየቀኑ መዋጧን አይቶ በካርድ ላይ እንዲፈርም ተባለ። ቢኒያም እሱ እንደሚሆን አስቦ ነበር። ነገር ግን ጣሳውን አይቶ ዝም ያለ ሰው ምስክር ሊሆን አልቻለም። ወይዘሮ ሀጀራ፣ “እኔ እፈርማለሁ። የዚችን ሴት ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም” አሉ።

ወይዘሮ ሀጀራ ይኖሩ የነበረው ካላክላ በሚባል ሌላ የካርቱም ሰፈር ስለሆነ፣ ወይዘሮ ስንቅነሽ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከሐጅ ዩሱፍ ለቀው እሳቸው በሚኖሩበት ሆሽ፣ ማለት በጋራ ግቢው ውስጥ፣ ከበራቸው ፊት ለፊት ክፍል ተከራዩ። ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩበትን ሰፈር፣ የሚያውቁትን ሰው ሁሉ ትተው ነው የሄዱት። ወይዘሮ ሀጀራ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በሩን ሳያንኳኩ ገብተው፣ “አፍሽን ክፈቺ፣ ምላስሽን አንሺ” እያሉ ህሊናን ያዩና ይፈርሙ ነበር። ለቀትሩ ኪኒን ወይዘሮ ስንቅነሽ ሥራ ላይ ስለሆኑ፣ ህሊና ወይዘሮ ሀጀራ ጋር ነበር የምትውለው። “ልጄን ቀን ቀን ወሰደችብኝ” ብለው ወይዘሮ ስንቅነሽ ይነጫነጩ ነበር።

በዚያ ዓመት ሳሊህ መራመድ ተማረ። ከጀርባው ቀዶ ሕክምና በኋላ ግትርነቱ ሲለቀው እግሮቹ መጀመሪያ እንደ ጨርቅ ሆነው ነበር። ቢኒያም ከውኃ ቱቦ በሆሹ መሐል ሁለት መደገፊያ ሠራለት። ሳሊህ በሁለቱ መሐል ሲመላለስ ወይዘሮ ስንቅነሽ ከሥራ እንደገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነበር።

“ዛሬ ስንት ረገጠ?”

“አሥራ አራት።”

“ትናንት አሥራ ስድስት አላልሽም?”

“ደክሞት ነው። ደስ አለሽ አይደል?”

“ትንሽ” ይሉ ነበር ወይዘሮ ስንቅነሽ። ወዲያው ደግሞ ተንበርክከው የሳሊህን እግሮች ሲያሹለት ይታዩ ነበር። መተኮስ የለመደው እጃቸው ለጡንቻ ማሸት የሚመች ስለነበር ሳሊህ ከእናቱ ይልቅ የእሳቸውን እጅ ይወድ ነበር። ወይዘሮ ሀጀራም በተራቸው ያንን ሲያዩ ማጀት ገብተው ድስት ያንኳኩ ነበር።

በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ሐኪሞቹ ተመልሰው መጡ። በካርዱ ላይ ያለው የወይዘሮ ሀጀራ ፊርማ አንድም ቀን አልጎደለም። ለህሊና የሁለት እግሮቿ የተረከዝ ጅማት ተረዘመላት፤ እስከ ጉልበቷ በጄሶ ታሰረች። ስድስቱን ሳምንት ወይዘሮ ስንቅነሽ ጄሶው እንዳይረጥብ በዓይናቸው ሲጠብቁ ከረሙ። የጥምቀት በዓል ያለፈው ህሊና ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት በመሆኑ እግዚአብሔርን አመስግነዋል፤ በጄሶ ውስጥ እያለች ቢሆን ኖሮ ጸበል ልርጫት ማለታቸው አይቀርም ነበር።

ጄሶው ተፈትቶ፣ መደገፊያ ጫማ ተሠርቶላት፣ ብዙ ከተለማመደች በኋላ ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. በሆሣዕና ሰሞን አንድ ጠዋት ቢኒያም ጫማዋን አውልቆ በባዶ እግሯ በቱቦዎቹ መሐል አቆማት። በአሥር ዓመቷ ሁለት ተረከዞቿ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ነኩ። “እማዬ! መሬቱ ይሞቃል እኮ!” ብላ ጮኸች። ከዚያም እየሳቀች፣ እየለፈለፈች፣ እጇ እንደልማዱ እየተጠማዘዘ አራት ጊዜ ረገጠች።

ወይዘሮ ሀጀራ “ማሻአላህ፣ ማሻአላህ” አሉና ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ሳሊህ በዚያን ጊዜ ሆሹን በሙሉ ብቻውን ይዞር ነበር፤ ቃል ግን አልወጣውም። ወይዘሮ ስንቅነሽ ያ በር ለምን እንደተዘጋ ገባቸው። አምስተኛውን እርምጃ ሳያዩ ሄደው አንኳኩ። አልተከፈተም። በሩ ላይ ቁጭ አሉ። “ሀጀራ፣ ክፈቺ። እኔ ነኝ፣ ቀናተኛዋ። ቅናት አላስተምርሽም፣ አብሬሽ ልቀመጥ ነው” አሉ። ሲከፈት ቀትር ሆኖ ነበር። ስለዚህ ያን ቀን የህሊናን እጅ ይዞ ያራመዳት ወንድሟ ብቻ ነው። ቢኒያም እናቱን ያን ያህል ፈልጓቸው አያውቅም። እሳቸው ግን ሰው በር ላይ ነበሩ።

ሳሊህ የመጀመሪያ ቃሉን የተናገረው በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በአሥር ዓመቱ ነው። ያለውም “ሊና” ነበር፤ ህሊናን መጥራቱ ነው። “እኔ ወልጄ፣ እኔ አዝዬ፣ የመጀመሪያ ቃሉ የጎረቤት ልጅ!” ብለው ወይዘሮ ሀጀራ ሁለት ቀን ሙሉ ወይዘሮ ስንቅነሽን አላናገሩም። ወይዘሮ ስንቅነሽ ኩራታቸውን መደበቅ አልቻሉም ነበር። በሦስተኛው ቀን ሳሊህ “እማ” አለ። ወይዘሮ ሀጀራ በሆሹ መሐል እልልታ ሲያሰሙ፣ አብረው እልል ያሉት ወይዘሮ ስንቅነሽ ናቸው።

ወይዘሮ ስንቅነሽ በ2009 ዓ.ም. የወይዘሮ ሉጥፊያን ቤት ሥራ ከለቀቁ በኋላ፣ ሐሙስ ሐሙስ ለህሊና ብቻ ሳይሆን ለአዲስ መጪ እናቶች ብለው ሆስፒታል ይውሉ ነበር። አግዳሚው ላይ ከጎናቸው እየተቀመጡ ስለ ኪኒኑ ያደረጉትን ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር። “የሰው ልጅ ሲሠራለት ዓይንሽ ይቅላ፣ ምንም አይደለም፤ መድኃኒቱን ግን እንዳትነኪው” ይሉ ነበር። ህሊና ዛሬ ቤት ውስጥ በተሽከርካሪ መደገፊያ ትንቀሳቀሳለች፤ ለሩቅ መንገድ በወንበር ትሄዳለች። ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ናት። ሳሊህ ትምህርት ቤት በእግሩ ይሄዳል። ወይዘሮ ስንቅነሽ ይህን ልዩነት እስከ መጨረሻው አልወደዱትም፤ አልወደድኩትም ከማለትም አልተመለሱም።

በኅዳር 2010 ዓ.ም. የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በካርቱም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው መድኃኒት ሲከታተሉ ቆዩ፤ ሕመሙ ግን ወደ አጥንታቸው ገባ። ባለፈው መስከረም ከአልጋ ዋሉ። ወይዘሮ ሀጀራ አጥበዋቸዋል፣ አጉርሰዋቸዋል፣ ልብሳቸውን ቀይረውላቸዋል። ልጆቻቸው ማድረግ የሚገባቸውን ቀድመው ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ቢኒያም ለዚህ ያመሰግናቸዋል፤ ባያደርጉት ግን ይወድ ነበር።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ ስንቅነሽ አልጋቸው በሩ አጠገብ እንዲሆንላቸው ጠየቁ። በሆሹ ውስጥ ህሊና በቱቦዎቹ መሐል ትለማመድ ነበር። ብዙ ሰዓት አዩአት። ከዚያ ወይዘሮ ሀጀራን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡ።

“ህሊና ሃያ ዓመት ሲሞላት የምታያት አንቺ ነሽ” አሉ። “ቁመቷን፣ ጫማዋን፣ ሥራ ስትይዝ፣ ያላሰብነው ቦታ ድረስ ስትረግጥ የምታይው አንቺ ነሽ። ቀናሁብሽ፣ ሀጀራ። በሳሊህ እግር እንኳ እንዲህ ቀንቼ አላውቅም።”

ወይዘሮ ሀጀራ እጃቸውን ያዙ። “ቅኚ፣ እህቴ” አሉ። “ቅኚብኝ። የፈለግሽውን ያህል ቅኚብኝ፤ ብቻ አትሂጂ።”

ወይዘሮ ስንቅነሽ ገብረየስ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት፣ በተወለዱ በ48 ዓመታቸው፣ ካላክላ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ልጆቻቸውን ቢኒያም ሰብስቤንና ህሊና ሰብስቤን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ወይንሸት ገብረየስን፣ እግሮቹን አሽተው ያቆሙትን ሳሊህን፣ እንዲሁም ወይዘሮ ሀጀራን ትተው አልፈዋል። ወይዘሮ ሀጀራን በምን ዝምድና እንደምንጽፋቸው ተነጋግረን ነበር። ቅናት የቤተሰቡ ነውና እኅት ብንላቸው ወይንሸት ትቀየማለች፤ ጎረቤት ብንል ደግሞ ራሳቸው ይቀየሙናል። ስለዚህ ስማቸውን ብቻ ጽፈናል፤ የሚያውቃቸው ያውቃል።

ለማጽናናት የምትመጡ ወዳጆቻችን፣ ለቅሶው የሚደረሰው ካላክላ በመኖሪያ ቤታቸው ነው። ሐሙስ ጠዋት ግን ማንም ቤት አይገኝም። ህሊና የሆስፒታል ቀጠሮ አላት፤ በእሳቸው ሞት ምክንያት ቀጠሮዋ እንዳይቀር እናቷ አዘዋል። ቢኒያምና ወይዘሮ ሀጀራ አብረው ይወስዷታል። ወንበሩን ማን እንደሚገፋ ገና አልተስማሙም።

አምላክ የእናታችንን ነፍስ ለአንዱ በዝቶ ለሌላው በማያንስበት ቤቱ ይቀበልልን። እዚያም ደርሰው ዓይናቸው በሌላ ሰው ድርሻ ላይ ቢያርፍ፣ ለልጅ ብለው ነውና ይለፍላቸው። አሜን።